ተከፍለው ያልተለያዩ

እ.ኤ.አ. በ1825 ክረምት መግቢያ ላይ ቪልሄልም ሄምፕሪክ የሚባል፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጀርመናዊ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ምጽዋ ላይ በትኩሳት ሞተ። ከጓደኛው ከክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ጋር ከ1820 ጀምሮ ግብፅን፣ ሲናን፣ ሊባኖስንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ሲያስስ፣ ያገኘውን ዕፅዋትና እንስሳ ሲሰበስብ ነበር የቆየው። ከጉዞው ባልደረቦች ብዙዎቹ በየመንገዱ ቀርተዋል። ኤረንበርግ ግን ተርፎ በርሊን ገባ። ከዓመታት በኋላ በእኛው አገር ገደላማ ሸለቆዎች የሚኖር፣ ማንቁሩ ትልቅ የሆነ አንድ ወፍ በጓደኛው ስም ሰየመ፤ ወፍ አጥኚዎች ዛሬም በሄምፕሪክ ስም ይጠሩታል።

ይህን ያነሳሁት ግን ለወፉ ብዬ አይደለም። ከምጽዋ ጓደኛውን ቀብሮ የተመለሰው ይኸው ሰው በ1828 ባክቴሪየም የሚለውን ስም አወጣ። በ1838 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ደግሞ በማይክሮስኮፕ ያያቸውን ደቂቅ ፍጥረታት በቅርጻቸውና በአካሄዳቸው ለያቸው። ቀጥ ብሎ የማይታጠፈውን ዘንግ ባክቴሪየም አለው፤ እየተጥመለመለ የሚሄደውን ቪብሪዮ፤ ጥምዝምዝ ሆኖ ግትር የሆነውን ስፒሪለም፤ ጥምዝምዝ ሆኖ የሚተጣጠፈውን ስፓይሮኪታ። እነዚህ ደቂቃን በውስጣቸው ብዙ ሆድ አላቸው ብሎ ያምን ነበር፤ ውሃው ላይ ቀለም እየጨመረ፣ ቀለሙ የገባበትን ሆድ እያለ ቆጥሯል። በሆዱ ነገር ተሳስቷል። ግትሩንና ተጣጣፊውን ጥምዝምዝ የለየበት ዐይን ግን አልተሳሳተም፤ ልዩነቱ እስካሁን ይሠራል፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከእሱ በፊትም ያየ ነበር። በ1683 የሆላንዷ ዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ከገዛ ጥርሱ የፋቀውን ነጭ ነገር በንጹሕ የዝናብ ውሃ በጥብጦ አየና ሥዕሉን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ላከ። በሥዕሉ ላይ ዘንግ አለ፣ ድቡልቡል አለ፣ ጥምዝምዝ አለ፣ ረጅም ክርም አለ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ከአንዷ ዘንግ ጋር የተሣለችው የነጠብጣብ መስመር ናት። ከዚህ ተነሥታ እዚህ ደረሰች ለማለት መንገዷን ነጥብ በነጥብ አስቀምጦታል። ሰውየው ቅርጹን አይቶ አልበቃውም፤ ምን ስታደርግ እንደነበረም ለማሳየት ፈለገ።

ባክቴሪያ በቅርጹ ሦስት ቤት አለው ይባላል፦ ድቡልቡል፣ ዘንግ፣ ጥምዝምዝ። ተማሪ ይህንን ባንድ አፍታ ይሸመድደዋል። ማይክሮስኮፕ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ድንበሩ እንዲህ የተቆረጠ አይደለም። የሳንባ ምች ከሚያመጡት አንዱ የሆነው ኒሞኮከስ ድቡልቡል ይባላል እንጂ አንዱ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። የኮሌራዋ ቪብሪዮ ጎበጥ ያለች አጭር ዘንግ ናት። አንዳንድ ዘንጎች ከማጠራቸው የተነሣ ከድቡልቡል ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ላብራቶሪው ኮኮባሲላይ ብሎ ያልፋቸዋል። መጠናቸውንም ማሰብ ነው። ድቡልቡሎቹ 1 ማይክሮሜትር ገደማ፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ናቸው፤ ቀይ የደም ሕዋስ እንኳ 7 ማይክሮሜትር ያህል ስፋት አላት። እነሱን ለይቶ ለማየት 100 ጊዜ የሚያጎላው ሌንስ ዘይት ጠብታ ውስጥ ይነከራል፤ ዐይን የሚያርፍበት ሌንስ በ10 ያባዛዋል፤ 1000 ጊዜ ጎልቶ እንኳ የሚታየው ነጥብ ነው።

ነጥብ ስለሆነም ነው አደራደሩ ብዙ የሚናገረው። አንድ ነጥብ ብቻውን ምንም አይልም። ስድስት ነጥቦች በአንድ መስመር ሲሰለፉ፣ ወይም ተቃቅፈው ሲከማቹ፣ ያኔ ነገር ይጀምራል።

ባክቴሪያ የሚራባው ለሁለት እየተከፈለ ነው። ድቡልቡሏ ሕዋስ ወገቧ ላይ ግድግዳ ትሠራና ሁለት ትሆናለች። ሁለቱ ወዲያው ከተለያዩ የሚታየው የተበታተነ ነጥብ ነው። ሳይለያዩ ከቀሩ ጥንድ ይሆናሉ። ልጆቹም እንደ እናታቸው በዚያው አቅጣጫ ከተከፈሉና አሁንም ካልተላቀቁ አራት በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ ከዚያ ስምንት፤ ይህ ስትሬፕቶኮከስ የሚታወቅበት ሰንሰለት ነው። ሁለተኛው አከፋፈል የፊተኛውን ከቆረጠው አራቱ በካሬ ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ከቆረጠ ስምንቱ ከታች አራት ከላይ አራት ሆነው እንደታሰረ ጥቅል ይቆማሉ፤ ሳርሲና የሚባለው ይህ ነው። አቅጣጫው ሥርዓት ካጣ ደግሞ ቅርጽ የሌለው ክምችት ይወጣል፤ ያ ስታፊሎኮከስ ነው። እንግዲህ ስላይዱ ላይ ሰንሰለት ያየ ሰው ያየው ባለፉት ጥቂት ሰዓታት የሆነውን ነው። ግድግዳው በየት በኩል እንደተሠራ፣ ከተሠራም በኋላ ሕዋሶቹ እንዳልተለያዩ፣ የሞተውና የተቀባው ናሙና ላይ ተጽፎ ይገኛል። እኔ ይህን ባሰብኩት ቁጥር ያስገርመኛል፤ ሲንቀሳቀስ ማየት ያልቻልነውን ነገር ከቆመበት አነበብነው ማለት ነው።

ሳርሲናን ያገኘው የኤድንብራው አናቶሚ አጥኚ ጆን ጉድሰር ነው፤ በ1842፣ ከአንድ በሽተኛ ሆድ ከወጣ ትውኪያ ውስጥ። ካሬ ካሬ ሆነው የተደረደሩ ጥቅሎች። ሆድ ውስጥ እንዲህ የተስተካከለ ነገር አገኛለሁ ብሎ የጠበቀ አይመስለኝም።

ዘንጎች ምርጫቸው ጠባብ ነው። የሚከፈሉት ወርዳቸውን አቋርጠው ስለሆነ ወይ ይለያያሉ፣ ወይ ጫፍ ለጫፍ እየተያያዙ ይረዝማሉ። የዲፍቴሪያ ባክቴሪያ ግን የራሷ ዘዴ አላት። ስትከፈል የውስጠኛው ግድግዳ ይዘጋል፤ የውጭኛው ግን በአንድ በኩል ቀድሞ ይበጠሳል፣ በሌላው በኩል እንደያዘ ይቀራል። ያኔ ሁለቱ ዘንጎች በተያዘው በኩል ታጥፈው ማዕዘን ይሠራሉ። ስላይዱ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ፣ የተጣጠፉ፣ ማዕዘን የሠሩ ዘንጎች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከአደራደር ወደ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ በጥንቃቄ የተሻገረው የስኮትላንዷ አበርዲን ቀዶ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን ይመስለኛል። ዘመኑ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቁስሉ መግል መቋጠሩ እንደ ደንብ የሚታይበት ነበር። ኦግስተን ይህን አልተቀበለም። ገና ካልፈነዳ እባጭ መግል ወሰደ፣ ቀባ፣ ቤቱ ውስጥ ባዘጋጀው ላብራቶሪ አየ። ድቡልቡል ባክቴሪያዎች ሞልተዋል፤ የሚበዙት ተከማችተው፣ ሌሎቹ በሰንሰለት። ዕንቁላል ውስጥ አራባቸው፣ በእንስሳ ላይ ሞከራቸው፣ እንደገና መግል ሲያመጡ አየ። በ1880 ለበርሊኑ የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ አቀረበው፤ በ1882 ደግሞ ተከማችተው ለሚገኙት የወይን ዘለላን ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል ስታፊሎኮከስ የሚል ስም አወጣላቸው። የሰንሰለቱን ስም የቪየናው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ቢልሮት ቀደም ብሎ በ1874 ሰጥቶት ነበር። ኦግስተን ያስተዋለው ሌላ ነገርም አለ፤ ክምችቱ በአንድ ቦታ ከሚወሰን እባጭ ጋር፣ ሰንሰለቱ ደግሞ በቆዳ ሥር እየሰፋ ከሚሄድ ቁስለት ጋር አዘውትሮ ይገኛል። አንዱን ባለበት የሚያስቀረው፣ ሌላውን የሚያስፋፋው አደራደሩ ራሱ እንዳልሆነ ዛሬ ይታወቃል፤ ሁለቱ የሚያመነጯቸው ኢንዛይሞች ይለያያሉ። ቢሆንም ሐኪሙ በዐይኑ ያየው ትክክል ነበር።

ይህ ማየት የሚለመደው በልምምድ ነው። አንድ የማስተማሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጬ የሰማሁትን ላምጣ። ተማሪው ናሙናውን ስላይድ ላይ ቀብቶ፣ እሳት ላይ አሳልፎ፣ ክሪስታል ቫዮሌቱን፣ አዮዲኑን፣ አልኮሉን፣ ሳፍራኒኑን በየተራው አፍስሶ አጥቧል። ጣቶቹ ወይን ጠጅ ሆነዋል። ካየ በኋላ ቀና አለና፣

«ቲቸር፣ ስታፍ ነው መሰለኝ» አላት።

መምህርቷ ጎንበስ ብላ አየች። «ወፍራሙ ላይ ነህ እኮ። እዚያ ላይ ሁሉም ስታፍ ነው የሚመስለው። ወደ ቀጭኑ ውሰደው።»

ልጁ ስላይዱን በቀስታ ገፋው። ለአፍታ ዝም አለ።

«ሰንሰለት ነው።»

«ስንት አሉ?»

«ስድስት... ሰባት።»

«በል ጻፈው።»

መምህርቷ ያስተማረችው ትልቅ ነገር ነው። ናሙናው ወፍሮ የተቀባ ቦታ ላይ ሕዋሶቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ ሰንሰለቱም ክምችት ይመስላል። ሰንሰለት ጎልቶ የሚወጣው ባክቴሪያው በፈሳሽ ውስጥ ሲያድግ ነው፤ ከጠጣር ምግብ ላይ የተጫረ እንደሆነ ሲቀቡት ይበጣጠሳል። ስታፍም ቢሆን ሁልጊዜ ተከማችቶ አይገኝም፤ ጥንድም አጭር ሰንሰለትም ይታይበታል። ስለዚህ የለመደ ሰው አንድ ቦታ አይቶ አይፈርድም፤ ብዙ ቦታ ያያል፣ የሚበዛው ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ቀለሙም እንዲሁ ነው። ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 በርሊን ውስጥ በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች ሳንባ ላይ የሞከረው ዘዴ ዛሬም ወይን ጠጁን ከሮዙ ይለያል፤ ነገር ግን ያረጀች ግራም ፖዘቲቭ፣ ማለትም ወይን ጠጅ የምትቀባ፣ ሕዋስ ቀለሟን ልትለቅ ትችላለች፤ አልኮሉ ከበዛም እንዲሁ። ማሽን ያለውም የሌለውም ላብራቶሪ ይህን ሥራ በሰው ዐይን ሲሠራ ኖሯል፤ ይህ ዐይን የሚገባውን ክብር አግኝቷል ብዬ አላምንም።

ባክቴሪያን በቅርጹ መለየት ይቻላል ወይ የሚለው ክርክርም ቀላል አልነበረም። በ1872 የብሬስላው ዕፅዋት አጥኚ ፈርዲናንድ ኮን ባክቴሪያዎችን በቅርጻቸው በአራት ነገድ፣ በስድስት ወገን ከፈላቸው። ኮን አይሁዳዊ በመሆኑ የትውልድ ከተማው ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልሰጠውም፤ በርሊን ሄዶ ነው የተመረቀው። በዚያን ጊዜ ቢልሮትና ሙኒክ የነበረው ካርል ኔጌሊ ተቃራኒውን ይሉ ነበር፤ ለእነሱ ድቡልቡሉም ዘንጉም መልኩን የሚለዋውጥ ፍጡር ነው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ለእያንዳንዱ በሽታ የራሱን ተሐዋሲ መፈለግ ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። በ1876 አንድ የገጠር ሐኪም ወደ ኮን መጥቶ ሥራውን አሳየው። ሮበርት ኮህ ነው፤ ያመጣውም የአባ ሰንጋን ጉዳይ ነው። ከብቱ ደም ውስጥ ጫፋቸው አራት ማዕዘን የሆነ ትላልቅ ዘንጎች በአጭር ሰንሰለት ይታያሉ፤ ከእንስሳው ውጭ ሲያድጉ ረጅም ክር ይሆናሉ፤ ክሩ ውስጥ የሚያብረቀርቁ እንክብል ስፖሮች ይወጣሉ፤ ከስፖሩ ተመልሶ ዘንግ ይወለዳል። እንግዲህ መልኩ ተለዋውጧል፤ ነገር ግን በሥርዓት ነው፣ ዞሮም ወደ ራሱ ነው የሚመጣው። በአባ ሰንጋ የሞተን ከብት አትግፈፉ፣ አትክፈቱ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ አየር ሲያገኝ ስፖር ይሆንና አፈሩ ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል።

የቅርጽ ምደባ ግን ዝምድናን አይናገርም። ኮን ራሱም ወገን ብሎ የከፈለው እንደ ዕፅዋት ወገን የጠራ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። እርጎ በውሃ አቅጥኖ ለቀባ ሰው ጥንድና ሰንሰለት የሠሩ ድቡልቡሎች፣ በመካከላቸውም ዘንጎች ይታዩታል፤ ወተቱን ያረጉት እነሱ ናቸው። መልካቸው ጉሮሮ ከሚያቆስለው ስትሬፕቶኮከስ አይለይም፤ ሥራቸው ግን የትና የት። ማይክሮኮከስ የሚባለውና ስታፊሎኮከስ ሁለቱም ድቡልቡል፣ ሁለቱም ተከማችተው የሚገኙ፣ ሁለቱም ወይን ጠጅ የሚቀቡ ናቸው፤ በዘር ግን ተራርቀው የሚገኙ ናቸው። ይህን ያወቅነው አሜሪካዊው ካርል ዎዝና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ራይቦዞም ውስጥ ያለውን አርኤንኤ ማነጻጸር ከጀመሩ ወዲህ ነው። በ2001 ደግሞ ኦክስፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች ዘንግ ዘንግነቱን የሚይዘው ግድግዳው የሚገነባበትን ቦታ በሚመራ ኤምአርኢቢ በተባለ ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ፤ ያ ሲጠፋ ዘንጉ ያብጥና ይድበለበላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጎበጠች ባክቴሪያ ጉብጠቷን ከአንድ ፕሮቲን እንደምታገኝ ታወቀ፤ ፕሮቲኑ ሲጎድልባት ቀጥ አለች። ቅርጽ እንዲህ በቀላሉ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ የዘር ሐረግ ሊሆን አይችልም። ለእኔ ይህ ዋጋውን አይቀንሰውም። ሐኪም በሌሊት የሚጠይቀው ዝምድናን አይደለም፤ አሁን ምን ልስጥ ነው የሚለው።

ማጅራት ገትርን እንውሰድ። ሌዎን ላፔሶኒ በ1963 የማጅራት ገትር ቀበቶ ብሎ የገለጸው ምድር ከሴኔጋል ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያ ይደርሳል። ትኩሳት ያለበት፣ አንገቱ የደረቀ ልጅ ይመጣል፤ ከጀርባው ፈሳሽ ይቀዳል። ጥርት ያለ መሆን የነበረበት ፈሳሽ ደፍርሷል። ተሽከርክሮ፣ የዘቀጠው ተቀብቶ ሲታይ በነጭ የደም ሕዋሶች ውስጥም ውጭም ሮዝ ጥንዶች አሉ። የቪየናው አንቶን ቫይክሰልባውም በ1887 የለየው ሜኒንጎኮከስ ነው። የሕክምና መጻሕፍት ቅርጹን በቡና ፍሬ ይመስሉታል፤ እሸት ቡና ፈልቅቆ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከመጽሐፉ የተሻለ ይረዳዋል፤ ሁለቱ ፍሬዎች ጠፍጣፋ ፊታቸውን ገጥመው፣ ጎባጣ ጀርባቸውን ወደ ውጭ አድርገው እንደሚቀመጡት ነው። ቀለሙ ወይን ጠጅ፣ ጫፉም ሾጠጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ኒሞኮከስ ይሆን ነበር፤ ሕክምናው የሚቆይበት ጊዜ ይለያል፣ ለቤተሰቡ መከላከያ መድኃኒት መስጠት አለመስጠትም ይለያል። ባክቴሪያውን አሳድጎ ማወቅ ቢያንስ እስከ ነገ ያስጠብቃል። የተቀባው ናሙና ውጤት ግን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደርስ ነው።

በአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል፣ አጠገቡም በ1970 በተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የሥጋ ደዌን ለሚያጠኑ ሰዎችም አደራደር የዘወትር ቋንቋ ነው። ከጆሮ ጫፍ ላይ በትንሹ ተቆርጦ የሚወሰደው ናሙና ሲቀባ የበሽታው ዘንግ ቀይ ሆኖ፣ ጎን ለጎን እየታሰረ፣ አንዳንዴም ክብ ክምር ሠርቶ ይታያል። የተቋሙ ስም የተወሰደበት ኖርዌያዊ በ1873 ያየው ይኸው ዘንግ ነው። ዛሬም ቢሆን በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ አልበቅል እንዳለ ነውና ከማየት ሌላ ቅርብ መንገድ ብዙ የለም።

አሁን ወደ ተጣጣፊው ጥምዝምዝ ልመለስ። በቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያመጣው ስፓይሮኪት ነው። በርሊን ውስጥ ኦቶ ኦበርማየር በ1868 በበሽተኞች ደም አየው፤ በ1873 አሳተመው፤ በዚያው ዓመት በኮሌራ ሞተ። በሽታው ከብዙ አገር ጠፍቷል፤ እኛ ዘንድ ግን አለ፤ በዝናብና በብርድ ወራት፣ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት፣ ልብስ በማይቀየርበት ቦታ ይነሣል። የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያ ደሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ለወባ ብሎ ነው። ወባን ሲፈልግ በቀይ የደም ሕዋሶች መካከል ቀጭን፣ ሞገድ የሠራ፣ ከአንዷ ሕዋስ ዲያሜትር የሚረዝም ክር ያገኛል። ደሙ ሳይቀባ በእርጥቡ ከታየ ደግሞ ክሩ ከመታየቱ በፊት ቀይ ሕዋሶቹ ሲገፉ፣ ሲነቃነቁ ይታያሉ፤ ምክንያቱ ሲፈለግ ነው እሱ የሚገኘው። ይህን ጥምዝምዝ የሚያሽከረክሩት ክሮች እንደ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ውጭ የወጡ አይደሉም፤ በሽፋኑ ሥር በአካሉ ላይ ተጠምጥመዋል፤ እነሱ ሲዞሩ መላ አካሉ ይጠማዘዛል። ኤረንበርግ ተጣጣፊ ያለው ይህን ዓይነቱን ነው።

በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው በሊቢያ በኩል ባሕር የተሻገሩ ወጣት ስደተኞች ሆላንድ፣ ስዊዘርላንድና ጀርመን ውስጥ ትኩሳት ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። በሽታው እዚያ ለረጅም ዘመን ታይቶ አያውቅም ነበር። ለወባ የተቀባው ደማቸው ላይ ግን ጥምዝምዙ ታየ፤ የበሽታው ስም ከሐኪሙ አፍ ሳይወጣ ቅርጹ ቀድሞ ተናገረ።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ የቴትራሳይክሊን ወይም የፔኒሲሊን አንድ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። አደገኛው ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ሰዓታት ናቸው። ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት በሽተኛው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ የደም ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህ ካልተጠበቀ ሰው ይገድላል። በሽታውን ሳያውቅ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን የሰጠ ሐኪም ይህን አይጠብቅም። ላብራቶሪው በውጤት ወረቀቱ ላይ «ስፓይሮኪት ታይቷል» ብሎ ከጻፈ ግን ተረኛዋ ነርስ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ቀድማ ታዘጋጃለች፣ ግፊቱን ቶሎ ቶሎ ትለካለች፣ በዚያ ሌሊት ከየትኛው አልጋ አጠገብ እንደማትርቅም ታውቃለች።